የሃምሳ አለቃው ቆጠራ

አማቷ ከምጥ አልጋው ራስጌ ቆመው ስልኩን በምታምጠው ምራታቸው ጆሮ ላይ እንደለጠፉ ነበሩ፤ ክንዳቸው ቢዝልም አላወረዱትም። ባሕር ማዶ የዘመተው ባሏ ምልምል ወታደር የሚያሰለጥን ሃምሳ አለቃ ነው። ሚስቱን የሚያበረታታበት ሌላ ዘዴ ስላላወቀ የሰልፍ እርምጃ ይቆጥርላት ጀመር። «አንድ፣ ሁለት... አንድ፣ ሁለት...»

«ምልምልህ መሰልኩህ እንዴ?» አለችው ጥርሷን ነክሳ። አዋላጇ ሳቀች። ቢሆንም ቆጠራው ተስማማት። በአንድ አየር እየሳበች፣ በሁለት እየገፋች፣ ድምፁ የራቀባት ሲመስላት ራሷ እየተቀበለች ጮክ ብላ ቆጠረች፤ ሕፃኗ ወጥታ ክፍሉን በለቅሶ እስክትሞላው ድረስ። ደረቷ ላይ አስተኙላት።

ያኔ አማቷ እጅ ላይ ያለው ስልክ ጠራ።

ግራ ገብቷት ቀና አለች። ሲያወራ የቆየ ስልክ እንዴት ይጠራል? አማቷ ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ገና ሳታጋምሺው ነው የተቋረጠው፣ ልጄ። ወኔሽ እንዳይከዳሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ማን ነበር ሲቆጥር የነበረው?»

«አንቺው ነሻ» አለች አዋላጇ፣ እትብቱን እያሰረች። «እኔንም ጭምር በሰልፍ አስኬድሽኝ።»

ስልኩን ተቀበለች። «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ምን ሆናችሁ?» ይላል ባሏ። ጉሮሮዋን ጠረገችና «ተጠንቀቅ!» አለችው።

ከባሕር ማዶ ሁለት የጫማ ተረከዞች ሲጋጩ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«አለቃህ መጥታለች» አለችና ስልኩን ወደ ልጇ አፍ አስጠጋች።