ግራ ጉልበት

የአፍሪካ ዋንጫ ገና በሦስትና በአራት አገሮች መካከል ብቻ በሚካሄድበት ዘመን ለአገሩ ተሰልፏል። ያኔ በካልቾ የተመታው ግራ ጉልበቱ እስከ ዛሬ አይታጠፍለትም። የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ሊሸለሙ መሆኑን የሰማው ግን እንደማንኛውም ሰው በሬዲዮ ነው፤ የጠራው የለም። ቢሆንም ኮቱን አስተኩሶ ሄደ። አስተናጋጇ ሽበቱን አይታ ከኋላ ወንበር ፈለገችለት።

«ዘርጋው አንበሴ!» ሲባል የገዛ ስሙን ሰማ። ሊነሳ ሲል የመድረክ መሪው ቀጠለ፤

«ዛሬ በሕይወት የሉም። ለእኚህ ባለውለታችን የአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት እናድርግ።»

አዳራሹ በሙሉ ቆመ። እሱም ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ሙት እየታሰበ አይጮህም፤ ሰዉ ሲቀመጥ እናገራለሁ አለ በሆዱ።

ሰዉ ተቀመጠ።

«አሁን ሽልማታቸውን ልጃቸው ይቀበሉልናል።»

አጠገቡ የነበረው ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ተነሳ።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ።»

ወልዶ የማያውቀው ሽማግሌ የማይታጠፈውን እግሩን በሁለት እጁ ወደ ጎን ስቦ አሳለፈው።