መሪውን አንድ ቀን እንኳ ያልጨበጡት ገዢ

"ትልቁን ይውሰዱ አልኩዎት እኮ... ያኛው ካራቫኗን እየዘፈነ ነው የሚጎትታት።"



ሽማግሌው ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው ከመሬት እስከ ትንሹ ፒካፕ በር መረገጫ ድረስ ለኩ።

ወደኛ ሲመጡ ይሄ አራተኛ ቀናቸው ነው።

ስማቸው ኔቪል ይባላል። አውስትራሊያ፣ ታምዎርዝ ከተማ ውስጥ መኪና መሸጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ እንደሳቸው ያለ ገዢ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

የሚፈልጉት ከባድ ነገር አልነበረም። ሁለት ሰው የምታስተኛ ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የምትጎተት ትንሽ ቤት፣ አለቻቸው። እሷን የሚጎትት፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ መካከለኛ ፒካፕ...

ግቢያችን ውስጥ ሦስት ነበሩ። በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሽያጭ ነው።

እሳቸው ግን...

መጀመሪያ ቀን ስፖኪዮዎቹን ብቻ ሲያገላብጡ ዋሉ።

በሁለተኛው ቀን ካራቫኗን በጎረቤታቸው መኪና አስጎትተው መጡ። እኔ እየነዳሁ፣ እሳቸው ጎን ተቀምጠው፣ ሦስቱንም ፒካፖች የሙንቢ ዳገት ላይ ሞከርናቸው። ሞተሩ ዳገቱን ሲይዝ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ...

ሦስተኛ ቀን የኋላ ካሜራው ላይ ሙጭጭ አሉ።

"አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ከኋላ የሚመራው ሳይኖር፣ ካራቫኑን ማያያዝ ይችላል?"

"ይችላል።"

"አሳየኝ።"

አሳየኋቸው።

"ድገመው።"

ሰባት ጊዜ ደገምኩት... ሰባት ጊዜ።

አለቃዬ ዳሪል በመስኮት እያየ ይስቅብኛል። "ሰውየው መኪናዋን ሊገዛት ነው ወይስ ሊያገባት?"

እና በአራተኛው ቀን፣ ሜትሩን ሳይ፣ ትዕግስቴ አለቀ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና... እርስዎ ረጅም ሰው ነዎት። መረገጫው ዝቅ አለ ከፍ አለ ምን ያደርግልዎታል? ደግሞ እስከ ዛሬ አንዴ እንኳ መሪ አልጨበጡም። የምር ሊገዙ ነው ወይስ የሚውሉበት አጥተው ነው?"

የደነገጥኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

አልተቆጡም። ሜትሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና የፒካፑ የኋላ ክዳን ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"የምነዳው እኔ አይደለሁም፣ ልጄ።"



"ባለቤቴ ናት። ግሌኒስ ትባላለች።" ትንሽ ተነፈሱ። "እኔ ካንሰር ይዞኛል... ቆሽቴ ላይ። ሐኪሞቹ ለገና ላትደርስ ትችላለህ ብለውኛል።"

የማየው ጠፍቶኝ መሬት መሬት አየሁ።

"ካራቫኗን የገዛነው ጡረታ ስንወጣ ነው። የምነዳው እኔ፣ የማያይዘው እኔ፣ የምፈታው እኔ... እሷ ካርታ ትይዛለች። እህቷ ያለችው ብሩም ከተማ ነው፣ የአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ። በዚህ ዓለም የቀረቻት ዘመድ እሷ ብቻ ናት። አውሮፕላን እንደሆነ ቢገድሏት አትሳፈርም። እኔ ያለፍኩ ቀን ካራቫኗን ሸጣ፣ በሯን ዘግታ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ።"

"ትልቅ መኪና ትፈራለች፤ ለዚህ ነው ትልቁን ያልፈለግሁት። ሞተሩ ዳገት ላይ ካቃሰተ ትደነግጣለች። ቁመቷ ደግሞ እዚህ ጋ ነው" ብለው ደረታቸውን ነኩ።

"ነገ ይዘዋት ይምጡ" ብቻ አልኳቸው።

በማግስቱ ግሌኒስ መጣች።

ከልቧ አልነበረም። ከመሪው ኋላ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ፊት ለፊቷን ታያለች።

"ያላንተ የትም አልሄድም ኔቭ። ነግሬሃለሁ።"

"እሺ። እስከ ዳገቱ ብቻ ሂጂ።"

"ከዳገቱ በኋላስ?"

"ከዳገቱ በኋላ እናያለን።"

ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ ሞተሩን አስነሳች...

ከሦስቱ ትንሹን ገዙ። እኔ ላሳያቸው እንኳ ያልፈለግሁትን።

ኔቪል ገናን አዩ። በጥር ወር አረፉ።

ቀብራቸው ላይ ግሌኒስን ከሩቅ አየኋት። ፒካፑን የነዳው ጎረቤታቸው ነበር። የኔቪል ልፋት ሁሉ እንዲሁ ቀረ በቃ፣ አለ ልቤ...

መስከረም ላይ ግቢያችን ውስጥ እስከ መስኮቱ ቀይ አቧራ የለበሰ ፒካፕ ገባ። ከኋላው ትንሽ ካራቫን።

ግሌኒስ ሁለት የቆሙ መኪኖች መሃል ካራቫኗን ወደ ኋላ በአንድ ጊዜ አስገባቻት። ዳሪል ከቢሮው ወጥቶ ቆሞ አየ... አልሳቀም።

ሰርቪስ ልታስደርግ ነው የመጣችው።

"ብሩም ደረሱ?" አልኳት።

"ደረስኩ። ከእህቴ ጋር ሦስት ወር ተቀመጥኩ።"

ቁልፉን ሰጠችኝ።

"የጉዞዬ የመጀመሪያ ቀን ናይንጋን የምትባል ከተማ ላይ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ከነካራቫኗ ተቀርቅሬ መውጣት አቃተኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኔቪልን ሰደብኩት። ሞቶም አላሳርፍ አለኝ ብዬ... ብዙ ሰደብኩት።"

"ከዚያስ?"

"አንድ የከባድ መኪና ሹፌር መጥቶ እኔ ላውጣልሽ አለኝ። ቁልፉን ልሰጠው እጄን ዘርግቼ ነበር..."

አቧራ የለበሰውን ፒካፕ አየችው።

"ተውኩት። ባለቤቴ አስተምሮኛል አልኩት። አራት ጊዜ ሞክሬ ወጣሁ።"

ወገኖቼ...

እኔ እኚያን ሰው ሥራ ፈት ብያቸው ነበር። እሳቸው ግን የቀራቸውን ጥቂት ቀን ሚስታቸው ያለ እሳቸው የምትሄድበትን መንገድ ሲያዘጋጁላት ነበር።

የምንወደው ሰው ያለ እኛ እንዲችል ማድረግ... ከፍቅር ሁሉ ከባዱ እሱ ይመስለኛል። ደግሞም ሰው አብዝቶ ሲጠነቀቅ ስናይ፣ ከመናደዳችን በፊት ለማን ነው ብለን እንጠይቅ።

እናንተስ... ቤታችሁ ውስጥ እናንተ ብቻ የምትችሉት፣ ለማንም ያላስተማራችሁት ነገር ምንድን ነው? ለማን ልታስተምሩት ታስባላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ...