ከልብ በታች

የልብ አልትራሳውንዱ አልቆ ነበር። «ልብዎ ደህና ነው፣ አባባ» አለች ሐኪሟ ኤደን፤ ቀጥላ ግን መሣሪያውን ወደ ሆዳቸው አወረደችው። ለደም ግፊት ክትትል ከልጃቸው ከኢሕሳን ጋር ከመርሳ ወልድያ የመጡት አቶ ሚስባህ፣ ቀዝቃዛው ጄል ሲነካቸው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሐኪሟ ከእምብርታቸው በላይ አንድ ቦታ ደጋግማ ተጫነች።

«ምን አየሽ ልጄ? አትደብቂኝ።»

«ከልብ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር እዚህ ጋ አብጧል። አልፈነዳም፤ ሳይፈነዳ ግን የቀዶ ጥገና ሐኪም ሊያይዎት ይገባል። ዛሬውኑ ወደ ደሴ እልክዎታለሁ።»

ኢሕሳን የአባቷን እግር ጨምድዳ ያዘች። እሳቸው መዳፋቸውን ሆዳቸው ላይ አሳረፉ፤ ከሥር የሚመታው ነገር እጃቸውን ገፋው።

«ያባቴም ሆድ እንዲህ ይመታ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ልጆች ሆነን ጆሯችንን ለጥፈን እንስቅ ነበር። ኋላ እርሻ ላይ ‹ሆዴን› እንዳለ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ።»

የሐኪሟ እጅ ቆመ። «ይህ በሽታ በዘር ይወርዳል፤ ወንድም አለዎት?»

አቶ ሚስባህ ወደ ልጃቸው ዞረው «ስልኩን አምጪ» አሉ። ሐራ ገበያ እህል የሚነግደው ታናሽ ወንድማቸው ዓሪፍ እያለከለከ አነሳው።

«ምን ይዘሃል?»

«ጆንያ እየጫንሁ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«አስቀምጠው» አሉት። «በአላህ ይሁንብህ፣ አስቀምጠውና ወደ ወልድያ ና።»