ሠላሳ ሁለት ጥቁር ቪዲዮ

ስልክ ጠጋኟ ሰገነት መስታወቱ የረገፈውን የመሪጌታ ዘበነን ስልክ ከኮምፒውተሯ ጋር ካገናኘች አንድ ሰዓት አለፋት። የሰቆጣ ገበያ ቀን በመሆኑ ከሱቋ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል፤ እሳቸው ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላሉም። በቅርቡ ያረፉትን የዜማ መምህራቸውን ድምፅ ወደ ፍላሽ እንድታዞርላቸው ይፈልጋሉ። ድምፅ ብቻ ለይቶ እንዲያሳያት ኮምፒውተሩን አዘዘችው፤ አንድም አልመጣም። ፎቶ ብቻ አለችው፤ ፍየል፣ ፍየል፣ አሁንም ፍየል።

«መሪጌታ፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለበትም እኮ! ስንቴ ልንገርዎ?»

«በገዛ እጄ ቀድቼዋለሁ። ደግመሽ እዪ።»

ጥርሷን ነክሳ ወደ ቪዲዮ አለፈች። ሠላሳ ሁለት ቪዲዮ ተደረደረ፤ ሁሉም ድፍን ጥቁር። «ይኸው፣ ተበላሽቷል! ላጥፋውና ስልክዎ እንኳ ይቅለልዎ» ብላ ሁሉንም በአንዴ መረጠች።

«እሱማ...» አሉ መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው። «የኔታ ፎቶ እንዳታነሣኝ ብለውኝ ነበር። ስልኩን ጋቢዬ ውስጥ ሸፍኜ ነው የቀዳሁት።»

ሰገነት ከማጥፊያው ላይ ጣቷን አነሣች። የመጀመሪያውን ከፈተችው። ከጨለማው ውስጥ የሽማግሌ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ ዜማው ወጣ፤ የመሪጌታ ድምፅም እየተከተለ ሄዶ ሄዶ መሐል ላይ ተሰበረ።

«አልሆነም! ስንቴ ልንገርህ? ከመጀመሪያው!» አሉ የኔታ።

መሪጌታ ዘበነ ከወንበሩ ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አጣፉና፣ ያ ሁሉ ገበያተኛ እያያቸው፣ ዜማውን ከመጀመሪያው ጀመሩ።