ተኩስ ሲበዛ የሚጠፋው ስክሪን

«እማ፣ አሁንስ ጠፋ?» አለኝ ወንድማገኝ፣ ከጠረጴዛው ስር በጀርባው እንደተጋደመ።

ስክሪኑ ድርግም ብሎ፣ ዓይኔን እንኳ ሳልከድን መልሶ በርቷል። የጠፋውን ልንገረው ወይስ የበራውን?

«ጠፋና… በራ» አልኩት።

«ሲጠፋ ወዲያው ‹ጠፋ› በይኝ እንጂ! ገመዱን እየነቀነቅሁ እኮ ነው።»

ይህ ኮምፒውተር ቤታችን ከገባ ጀምሮ ልጄ ቤት ይውላል። ትምህርቱ ከተቋረጠ ወዲህ አብሮ አደጎቹ አንድ በአንድ ከከተማችን ከንፋስ መውጫ ወጥተዋል። እናቶቻቸው ሲጠየቁ «ጫካ ገቡ» ላለማለት «ሥራ ፍለጋ ነው» ይላሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። የእኔው ግን ከወንበሩ አይነሳም። ቀኑን ሙሉ ጌም ውስጥ ሲተኩስ ይውላል። ድምፁን ባልወደውም፣ ቤት ነው ያለው ብዬ እችለዋለሁ። ሰሞኑን ስክሪኑ መጥፋት ሲጀምር ግን እንቅልፍ አጣሁ። በጠፋ ቁጥር ወንድማገኝ እጁን ከማውዙ ያነሳና በሩን ያያል።

ኳስ ሲጫወትበት አይጠፋም። የሚጠፋው ተኩስ ሲበዛ ነው። ድምፁም አይቋረጥም፣ ምስሉ ብቻ ነው የሚጨልመው። ስለዚህ ጌሙን ከውጊያው መሐል ከፍቶ፣ እኔን ፊት ለፊት አስቀምጦ እሱ ከስር ገባ። «ጠፍቶ ሲበራ ሁለት ቃል ይጽፋል፣ አንብቢልኝ» ብሎኛል። የጎልማሶች ትምህርት ላይ ገና በእኛው ፊደል ነን፣ የፈረንጁ ጋ አልደረስንም። ቢያንስ ቅርጹን ልያዘው ብዬ ዓይኔን ተክያለሁ።

ታላቅ እህቱ መዓዛ ጤና ጣቢያ አድራ መጥታ፣ እዚያው ክፍል አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች።

«ስክሪንህ የሚጥል በሽታ አለበት» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ክብሪት ጭራችሁ አፍንጫው ስር ያዙለት።»

እጄ ወደ ክብሪቱ ሄደ። ሳላስበው ነው። መዓዛ በአንድ ዓይኗ አየችኝና ሳቋን ለቀቀችው።

«እማ! እውነትም ልትጭሪለት ነው? በሽተኛ በጭስ አታፍኑ እያልኩ የምጮኸው ለካ ቤቴ ሳልደርስ ነው!»

«ሲስተር፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተኚ» አለ ወንድማገኝ ከስር።

እኔም ሳቅሁ። ክብሪቱን መልሼ አስቀመጥኩት።

«ልጄ፣ ይሠራል አይደል?»

«ወይ ገመዱ ነው፣ ወይ መብራቱ እያነሰው ነው። ተኩስ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ብዙ ይስባል።»

«ካልሠራስ?»

የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው።

«ካልሠራማ እዚህ ምን አደርጋለሁ?» አለ።

መዓዛ አልሳቀችም። የስክሪኑን ገመድ ከማከፋፈያው ሲነቅለውና ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ለብቻው ሲሰካው ሰማሁ። «አሁን እይ» አለኝ።

በራ። ወታደሮቹ መጡ፣ ተኩሱ ተጀመረ። አንድ ቤት ተቃጠለ፣ አንድ መኪና ተገለበጠ። ተኩሱ በረታ፣ ከቅድሙም ባሰ። ስክሪኑ ዝንፍ አላለም።

«አልጠፋም!» አልኩ። «ልጄ፣ አልጠፋም! አልጠፋም!»

«አላልኩሽም? በይ ስፒከሩን ንቀይልኝ፣ ጆሯችን ደነቆረ።»

የስፒከሩን ገመድ ነቀልኩት። ተኩሱ አልቆመም።

«እማ፣ የሌላውን ነው የነቀልሽው።»

ጎንበስ ብዬ በእጄ የያዝኩትን አሳየሁት። የስፒከሩ ነው። ስክሪኑ ላይ ሰዎቹ ያለ ድምፅ ይተኩሳሉ። ድምፁ የሚመጣው ከመናኸሪያው በኩል ነው። መስኮቱ ተርገፈገፈ።

እንዴት በሩ ጋ እንደደረስሁ አላውቅም። መወርወሪያውን ዘግቼ ጀርባዬን ሰጠሁት። ከአሁን አሁን ተነሣብኝ ብዬ ያን እግር አያለሁ።

«ወንድማገኝ፣ በማርያም እንዳትወጣ! እኔን ረግጠህ ነው የምትወጣ!»

እግሩ ተንቀሳቀሰ። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰበሰበና ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ያ ቀኑን ሙሉ ሲተኩስ የሚውል ልጅ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።

ተመስገን፣ አልኩ በልቤ። ፈርቷል።

ትከሻዬን ሰው ነካኝ። መዓዛ ናት። ጫማዋን አድርጋለች። ከሩቅ እንዲታይ ይመስለኛል፣ ነጩን ጋዋን ከጃኬቷ በላይ ደርባዋለች።

«እማ፣ ከበሩ ዞር በይልኝ።»

«ወዴት?»

«የቆሰለ ይመጣል። ተረኛዋ ዕፀገነት ብቻዋን ናት።»

«አድረሽ መጥተሽ የለም እንዴ! ዛሬ ያንቺ ቀን አይደለም!»

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ በሽተኛ እንደምታባብል። «ዞር በይልኝ።»

ወንድማገኝ ሊወጣ የተነሣ ቀን የምለውን ሁሉ ለብዙ ጊዜ አጥንቼው ነበር። የምጠራውን ታቦት፣ የማሳየውን ጡት፣ የምረግመውን እርግማን ሳይቀር። ለመዓዛ የሚሆን አንድ ቃል አላዘጋጀሁም። በሁለት እጇ ክንዴን ይዛ ከበሩ ወደ ጎን አደረገችኝ፣ መወርወሪያውንም ራሷ ሳበችው።

ልጄ ቀረ። ልጄ ሄደች።