መርዶ ነጋሪው

የፊልም ዳይሬክተሩ የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ሲደርስ ቆም አለ። በጦር ግንባር የውኃ ሽታ ሆነው ስለቀሩ ሦስት ጋዜጠኞች የሠራው ፊልም የተመረቀው ቅዳሜ ነበር። ማክሰኞ ደግሞ ከሦስቱ የአንደኛው እናት፣ እማማ ስንዱ፣ ለቅሶ ተቀመጡ።

ሴትዮዋ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ዘመድ አዝማድ «አልቅሺና ይውጣልሽ» ሲላቸው፣ «መርዶ ሳይነገረኝ አላለቅስም» ብለው የቆዩ ናቸው።

የእርግማን መዓት ሊያወርዱብኝ ነው ብሎ አንገቱን ደፍቶ ገባ። እሳቸው ግን ከፍራሹ ተነሥተው ጉልበቱን ሊስሙ አጎነበሱ።

«ኧረ እማማ፣ ፊልም እኮ ነው...»

«መንግሥት አልነገረኝ፣ መሥሪያ ቤቱ አልነገረኝ» አሉ። «ወንዝ ዳር መውደቁን ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ሳታውቅማ አትሠራውም። ቁርጤን አሳወቅኸኝ ልጄ፤ እግዜር ይስጥህ።»

ንፍሮ አቀረቡለት። ዘግኖ ተቀመጠ።

ለፊልሙ ሁለት መጨረሻ ቀርጾ ነበር። በአንደኛው ልጁ ወንዝ ዳር ይወድቃል፤ በሌላው መጥቶ የእናቱን በር ያንኳኳል። ሁለተኛውን የጣለው፣ የጎረቤት አህያ አናፍታ ድምፁን ስላበላሸችበት ነበር።