ስሪት 319

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ምድጃው ካልታደስኩ አልሠራም አለ። ባንቺአምላክ ባሏን ጓንጉልን በቀበረች ማግስት ነው፤ ለለቀስተኛው ንፍሮ የሚቀቅሉት ጎረቤቷ እትዬ የውብዳር ናቸው። በዚያ ዘመን በሩም፣ መብራቱም፣ ምድጃውም የሚታዘዘው በአንድ ብራውዘር ነው፤ እሱም በየሳምንቱ ቁጥር እየጨመረ ይታደሳል። ባንቺአምላክ ግን ከ318 አልፋ አታውቅም። ጓንጉል ከሆስፒታል የላከላት ድምፅ፣ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «እራት በልተሻል?» የሚላት፣ ከዚያ በላይ አይከፈትም።

ሐዘንተኛ ማድቤት አትገባምና የምድጃውን ንዝንዝ አልሰማችም።

«የኔ ልጅ፣ እሺ ብዬ ተገላገልኩት!» አሉ እትዬ የውብዳር ጭልፋ እንደያዙ ብቅ ብለው።

«ማንን?»

«ምድጃውን ነዋ! ‹አድሱኝ፣ አድሱኝ› ብሎ ሲያደርቀኝ።»

ባንቺአምላክ ዘላ ግድግዳው ላይ ያለውን የብራውዘሩን መስኮት ነካች። «ይህ ድምፅ በስሪት 319 አይከፈትም» አላት በትሕትና።

«አንተ ግድግዳ! ሰው ሐዘኑን እስኪወጣ እንኳ አትታገሥም?»

እትዬ የውብዳር ደነገጡ። «ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎ ምን ያድርጉ፣ እትዬ።»

«በይ ቅመሺ እንግዲህ። ከትናንት ጀምሮ እህል በአፍሽ አልዞረም።»

ንፍሮው ለለቀስተኛው ሁሉ ተዳረሰ። በሳምንቱ 320 መጣ።